ለአንጋፋ ወታደሮች የተዘጋው አዳራሽ፦ ለክፍለ ከተማችን ስፖርት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለክፍለ ከተማችን ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ለወጣት ማዕከሉ አስተዳደር

ጉዳዩ፦ ለአንጋፋ ወታደሮች ይሰጥ የነበረው የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ወደ ቀድሞው ሰዓትና ቦታ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

የተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ለአንጋፋ ወታደሮች ይሰጥ የነበረው የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ከአዳራሹ ወጥቷል። አሁን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሜዳ ላይ ከሚደረገው ማስ ስፖርት ጋር እንዲቀላቀል ተወስኗል። ውሳኔውን ባሳወቀን ደብዳቤ ላይ አገልግሎቱ እንዳልተቋረጠ፣ እንደተቀናጀ ብቻ ተገልጿል። ሜዳው ላይ ግን ከቀድሞ አባላት የሚታዩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት ቤታቸው ተቀምጠዋል። ለምን እንደቀሩ፣ ምን እንደጎዳቸውና ምን ቢደረግ እንደሚመለሱ ከዚህ በታች በዝርዝር እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ስለማን እየጻፍን እንደሆነ ግልጽ ይሁን። ከእነዚህ አባቶችና እናቶች መካከል በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ ግንባር የተዋጉ፣ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በሰሜን ምሽጎች ዓመታት ያሳለፉ፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድመና በጾረና ግንባር የነበሩ አሉ። በ1969 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዛሬ ወደ 70 ተጠግቷል። ጦርነቱ በብዙዎቹ ላይ የአእምሮ ሕመም ጥሎ አልፏል፤ ቤተሰቡ ግን የሕመሙን ስም አያውቅም። «ሌሊት ይባንናል»፣ «በር ሲንኳኳ ይበረግጋል»፣ «ሰው አይወድም»፣ «ቁጣው በርትቷል» ነው የሚለው። የሕክምናው ዓለም ራሱ ይህን ድኅረ-አደጋ የአእምሮ ጭንቀት (ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ.) በዚህ ስም በይፋ መዝገቡ ላይ ያሰፈረው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ካራማራ ላይ የተዋጉት ያን ጊዜ ጦርነታቸውን ጨርሰው ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ብዙዎቹ ሕመሙን ለአርባ ዓመት በሥራ ሸፍነውት ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ፣ የትዳር አጋር ሲሞት፣ ጉልበት ሲከዳ ቀኑ ባዶ ይሆናል፤ ያኔ የተሸፈነው ይገለጣል። «አሁን ከየት መጣ?» ብለው የሚጠይቁን ልጆቻቸው አሉ። ከየትም አልመጣም፤ የሚሸፍነው ነው የሄደው።

የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናን አይተካም። ስለደረሰው ነገር ከባለሙያ ጋር መነጋገር፣ እንደ አስፈላጊነቱም መድኃኒት መውሰድ የግድ ነው። እንቅስቃሴው የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው የገዛ ልቡን ምት ይፈራል። ልቡ ሲመታ፣ ሲያልበውና ትንፋሹ ሲያጥር ሰውነቱ ያንን ቀን ያስታውሳል፤ ስለዚህ ደረጃ መውጣትን እንኳ ይሸሻል። የሚሸሽ ሰው ይደክማል፣ ሲደክም ደግሞ ትንሽ ዳገት ልቡን ያስመታዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እዚህ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ቀስ ተብሎ የሚጨመር እንቅስቃሴ ልብ መምታቱ አደጋ እንዳልሆነ ለሰውነት ደጋግሞ ያሳየዋል። እንቅልፍን ይረዳል፣ ስኳርንና የደም ግፊትን ለመቆጣጠር ያግዛል፣ ሰውን ከቤት ያወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ እንዲያጠናክር፣ ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ሚዛን የሚጠብቅ ልምምድ እንዲሠራ ይመክራል። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ በደርሃም የአንጋፋ ወታደሮች ሆስፒታል፣ ጌሮፊት የሚባል ለአረጋውያን ወታደሮች የተዘጋጀ ፕሮግራም በ1986 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል። እዚያው ይህ ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ በሳምንት 3 ቀን፣ ለ12 ሳምንት፣ በባለሙያ ክትትል የሚሰጥ እንቅስቃሴ ተሞክሯል። «በባለሙያ ክትትል» የሚለውን እንዲያሰምሩበት እንለምናለን።

አንደኛው ቅሬታችን ሰዓቱ ነው፤ ትልቁ ጉዳት የመጣው በእሱ ነውና። የእነዚህ ሰዎች ሌሊት የተቆራረጠ ነው። ባንነው ይነሣሉ፣ በርና መስኮት ይፈትሻሉ፣ ተመልሰው ይጋደማሉ። ደህና እንቅልፍ የሚወስዳቸው ብዙ ጊዜ ሊነጋጋ ሲል ነው። በ12 ሰዓት ሜዳ ላይ ለመገኘት 11 ሰዓት ላይ መነሣት ስላለባቸው፣ አዲሱ ፕሮግራም ያቺኑ ያገኟትን እንቅልፍ ነው የወሰደባቸው። መድኃኒቱም አለ። ማታ ለድብርት የሚሰጠውን አሚትሪፕቲሊን የወሰደ ሰው ጠዋት ራሱ ከብዶት፣ አፉ ደርቆ ይነሣል። ድንገት ሲቆም የደም ግፊቱ ሊወርድና ሊወድቅ ይችላል። ለቅዠት ፕራዞሲን በሚወስድ ሰው ላይ ይህ የባሰ ነው። አዳራሹ ውስጥ እያለን አዲስ አባል ወይም መድኃኒቱ የተቀየረለት ሰው ሲመጣ 5 ደቂቃ አጋድመን የደም ግፊቱን እንለካለን፤ ከዚያ አቁመን በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ እንደገና እንለካለን። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ያን ቀን የሚሠራው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው፤ ለሐኪሙም ማስታወሻ እንጽፍለታለን። ተቀምጦ የተለካው ከ180 በ110 በላይ ከሆነ ጭራሽ አይሠራም፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ጨለማ ሜዳ ላይ፣ መቶ ሰው መካከል ይህን ማድረግ አይቻልም።

ጨለማ ያልነው በምክንያት ነው። በጥር ወር በከተማችን ፀሐይ የምትወጣው ወደ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ነው። በዚህ ሰዓት አስፋልቱ ላይ ውሾች አሉ፣ ክዳናቸው የተነሣ ቦዮች አሉ፣ ከኋላ እየሮጡ የሚያልፉ ወጣቶች አሉ። አንድ የቡድኑ አባት ወደ ሜዳው ሲሄዱ ከኋላ ሲሮጥ የመጣ ልጅ ትከሻቸውን ነክቶ ሲያልፍ፣ ሳያስቡት ለመሸፈን ወደ ቦይ ዘለው የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ልጁ ምንም አላጠፋም። እሳቸውም አላጠፉም። ሰውነታቸው የሠራው ከአርባ ዓመት በፊት የተማረውን ነው።

አዲሶቹ ቀኖችም የተመረጡት ያለ ምክር ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የመረጥነው አስበንበት ነው። በእያንዳንዱ መካከል ጡንቻ የሚያርፍበት ቢያንስ አንድ ቀን አለ፣ ረቡዕና ዓርብም ይዘለላሉ። ከአባላቱ ብዙዎቹ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፣ አንዳንዶቹ እስከ 9 ሰዓት ውኃም አይቀምሱም። ሙስሊም አባላት ደግሞ ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋጃሉ። ጠዋት አልቦት ውኃ ሳይጠጣ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ፣ የሽንት ማብዣ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ የ70 ዓመት ሰው ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ ሲነሣ ይወድቃል። በሁዳዴና በረመዳን የእንቅስቃሴውን ጊዜ ወደ 30 ደቂቃ እናሳጥረው ነበር፤ ጥንካሬውን ትተን መፍታታትና ሚዛን ብቻ እንሠራለን። በአዲሱ ሰሌዳ ይህን የሚያስብ ሰው የለም።

ሁለተኛው ቦታውና ድምፁ ነው። በ2011 ዓ.ም. በከተማችን ከተሽከርካሪ ነፃ የሆኑ ቀኖች ሲጀመሩና ማስ ስፖርት ሲስፋፋ ደስ ካላቸው ሰዎች መካከል እኛም ነበርን፤ ለሕዝቡ ጤና ትልቅ ነገር ነው። ለእነዚህ ሰዎች ግን ሜዳው የሚከተለውን ይመስላል፦ ከመድረኩ ግራና ቀኝ የቆሙ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች፣ ሲጀመር የሚነፋ ፊሽካ፣ ከኋላቸው የማያውቁት ሰው፣ ከፊታቸው የማያውቁት ሰው፣ መውጫው የት እንደሆነ የማይታይ ሕዝብ። ለጌጥ የተሰቀለ ፊኛ ፈንድቶ መሬት ላይ የተኙ ሰው ነበሩ። አጠገባቸው የነበሩት ወጣቶች ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኚያ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ከቤት አልወጡም። ሲዘንብ የምትሰጡን መጠለያ ደግሞ ኮርኒስ የሌለው ባዶ ቆርቆሮ ነው። በክረምት በረዶ ሲወርድበት የሚያወጣውን ድምፅ መትረየስ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚረዳው። ሌላው ችግር መስማት ነው። ከመድፍና ከታንክ ጋር የኖረ ጆሮ ደክሟል። አሠልጣኙ በማጉያ በጮኸ ቁጥር ቃሉ ይደበላለቅባቸዋል፣ ሲደበላለቅ ይጨነቃሉ። ፊት ለፊት ቆሞ፣ አፍን እያሳዩ፣ በዝግታና በወፍራም ድምፅ መናገር ይበልጥ ይሰማቸዋል።

በአዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹን ግድግዳ ተጠግተው፣ በሩን እንዲያዩ አድርገን ነበር የምናስቀምጣቸው። ማንም ከጀርባው ሰው አይኖርም። በሩ ይዘጋል፣ አይቆለፍም። አባሉ ሲፈልግ ወጥቶ ተንፍሶ ይመለሳል፤ «ወዴት ነው?» አይባልም። ፊሽካ የለም፣ የሚፈነዳ ነገር የለም፣ ከባድ ዕቃ መሬት ላይ አይጣልም። የመብራት መቋረጥ ሲኖር የማዕከሉ ጄኔሬተር ከመነሣቱ በፊት ጥበቃው እንዲነግረን ተስማምተን ነበር፤ የሚረብሸው ድምፁም የናፍጣ ሽታውም ነውና። በአድዋ በዓል ማለዳ መድፍ እንደሚተኮስ፣ በበዓላት ዋዜማ ልጆች ርችት እንደሚተኩሱ ከሳምንት በፊት እናስታውሳቸዋለን። የሚጠበቅ ድምፅ ካልተጠበቀው ይሻላል። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ሳይለወጥ የሚቆይ ክፍል ነው።

ሦስተኛው አሠልጣኞቹ ናቸው። ወጣቶች ናቸው፣ ቅን ናቸው፣ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ማንም አላስተማራቸውም። አንዱ አባቶችን ያከበረ መስሎት «ተጠንቀቅ!» እያለ ያዝዛቸዋል። ለአንዳንዱ ይህ ደስታ ነው፣ ሰውነቱ ቀጥ ይላል። ሌላው ግን እዚያው ይደነዝዛል፤ እግሩ ታዝዟል፣ አእምሮው ሄዷል። ስለዚህ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ካልተጠየቀ «አሁን ቀኝ እጃችንን እናነሣለን» ማለት ይበቃል። አቋቋም ለማስተካከል ከኋላ መጥቶ ወገብ መያዝ ክልክል መሆን አለበት። «ትከሻዎን ልንካ?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ከፊት ተሁኖ ይነካል። በመጨረሻ ላይ «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በጀርባችሁ ተኙ» የሚለው ለሌላው ሰው ዕረፍት ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን ቅዠቱ የሚመጣበት አኳኋን ነው። እኛ ተቀምጠው፣ እግራቸው መሬት ነክቶ፣ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ባለ አንድ ነገር ላይ አርፎ እናስተነፍሳቸዋለን፦ በ4 ቆጠራ ማስገባት፣ በ6 ማስወጣት፣ ለ5 ደቂቃ።

አራተኛው መጠኑ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድንረዝም ይፍቀዱልን። ሜዳው ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ዝላይ ይዘላል። አዳራሹ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የሚጀምረው ከራሱ ልኬት ነበር። ከፍታው 43 ሴንቲ ሜትር በሆነ፣ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ይነሣል? ከ65 እስከ 74 ዓመት ያለ ወንድ ከ12 ጊዜ በታች ከሆነ የመውደቅ አደጋ አለበት። ከወንበር ተነሥቶ 3 ሜትር ሄዶ ተመልሶ ለመቀመጥ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀበትም እንዲሁ። ይህን በ1ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ሳምንት እንለካና ወረቀቱን ለራሱ እንሰጠዋለን። ቁጥሩ ሲያድግ ማየት ለእነሱ ከማንኛውም ምስጋና ይበልጣል።

አንዱ ክፍለ ጊዜ 70 ደቂቃ ያህል ነው። 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ ተቀምጠው ይሠራሉ፤ እግር ማንሣት፣ ትከሻ ማዞር፣ ቁርጭምጭሚት ማፍታታት። ማሟሟቂያው ከተዘለለ ልብ በአንዴ ይዘላል፣ ድንጋጤው የሚመጣው ያኔ ነው። ከዚያ በአዳራሹ ዙሪያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እርምጃ ይከተላል። ፍጥነቱን በልብ ምት አንለካም፤ ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ልቡ ስለማይፈጥን ቁጥሩ ያሳስታል። እያወራ መሄድ ከቻለ፣ ግን መዝፈን ካልቻለ ልኩ ነው። ከዚያ 20 ደቂቃ ጥንካሬ ይሠራል፦ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት፣ በብስክሌት ካላማዳሪ ወደ ኋላ መሳብ፣ ወንበር ይዞ በጣት መቆም፣ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እያንዳንዱ 8 ጊዜ፣ አንድ ዙር ብቻ። ሰዎቹ ወታደሮች ስለሆኑ «ጨምሩልን» ይላሉ፤ አንጨምርም። የጡንቻ ሕመም የሚበረታው በማግስቱና በሣልስቱ ነው፤ ሕመሙ ሌሊት ሲቀሰቅሳቸው ቅዠቱ ይከተላል፣ ከዚያ አይመለሱም። በ3ኛው ሳምንት ሁለት ዙር ይሆናል፣ ሁለት ዙር 12 ጊዜ ሲቀላቸው ክብደት ይጨመራል። ክብደቱ ውኃ የተሞላ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው፣ ግማሽ ኪሎ ይሆናል፤ ሁለት ሊትሩ በደረቅ አሸዋ ሲሞላ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሲነሡ ትንፋሽ ይወጣል፣ ሲቀመጡ ይገባል። ትንፋሽ ይዞ መግፋት ግፊትን በአንዴ ይሰቅላል። ቀጥሎ 10 ደቂቃ ሚዛን፣ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አሰልፎ 10 ሰከንድ መቆም፣ ወንበሩ በእጅ ርቀት ላይ ሆኖ። በመጨረሻ 10 ደቂቃ ማቀዝቀዣ። ሜዳው ላይ ማቀዝቀዣው እየተዘለለ «አመሰግናለሁ፣ በርቱ!» ተብሎ ይበተናል። ድንገት የቆመ እግር ደሙን ይዞ ይቀራል፣ ራስ ይዞራል፣ ያ ማዞር ደግሞ ለእነዚህ ሰዎች የፍርሃት መጀመሪያ ነው።

አንድ ሰው ሲደነግጥ ምን እንደሚደረግ የሜዳው አሠልጣኞች አልተነገራቸውም። ዙሪያውን መክበብ፣ ውኃ መርጨትና «አይዞህ» እያሉ ማቀፍ ያባብሰዋል። አንድ የሚያውቀው ሰው ብቻ ከጎኑ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ይቆማል፤ በስሙ ይጠራዋል፤ «ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ነን፣ እግርዎን መሬቱ ላይ ይጫኑ» ይለዋል። ከቻለ ቀስ ብሎ ይራመዳል። ነገር ግን ድንጋጤ የሚመስል ሁሉ ድንጋጤ አይደለም። ላብና መንቀጥቀጥ የስኳር መውረድም ነው። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ በውኃ በጥብጦ መስጠትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው። ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ሲያርፍ የማይለቅ የደረት ሕመም ከሆነ ወደ አምቡላንስ ቁጥር 907 ይደወላል፤ «ጭንቀቱ ነው» ብሎ ማለፍ ሰው ይገድላል። ይህንን መለየት የሚችል ነርስ አዳራሹ ውስጥ ነበረ። ሜዳው ላይ የለም።

እግራቸውን ያጡ አባላት ጉዳይ ለብቻው ይታይ። ሰው ሠራሽ እግር ያለው ሰው ሣር ላይና ኮረኮንች ላይ መዝለል አይችልም። ጉቶው ከእንቅስቃሴ ጋር መጠኑ ስለሚለዋወጥ ከ10 ደቂቃ እርምጃ በኋላ እግሩ ወልቆ ቆዳው መታየት አለበት። ቀልቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ ካልጠፋ የዕለቱ ሥራ አብቅቷል፤ ካልሲው ይስተካከላል ወይም ወደ አካል ድጋፍ ባለሙያ ይላካል። ይህ የሚደረግበት የተከለለ ጥግ ያስፈልጋል። መቶ ሰው ፊት እግሩን የሚያወልቅ አባት የለም። በዚህ ምክንያት ብቻ ሁለት አባላት ቀርተዋል። በሰውነታቸው ውስጥ ፍንጣሪ ያለባቸውም አሉ፤ ቦታው ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም አዲስ መደንዘዝ ካመጣ እንቅስቃሴው ይቆምና ራጅ ይታያል።

አምስተኛው ምዝገባውና ካሜራው ነው። አዲሱ ፎርም የሠራዊት ክፍልን፣ ማዕረግንና «የጤና ችግር» የሚለውን በአንድ ገጽ ይጠይቃል፤ ሜዳው ላይም ስም በማጉያ ይጠራል። ይህን ያዘጋጀው ባለሙያ ምናልባት በ1983 ዓ.ም. አልተወለደም ይሆናል። ያን ጊዜ ሠራዊቱ ሲበተን ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ተመዝግበው ወደ ተሐድሶ ካምፕ ገብተዋል። ስሙን በዝርዝር ላይ ማየት ለእነሱ ቀላል ነገር አይደለም። ከአባላቱ መካከል በተቃራኒ ምሽግ የነበሩም አሉ፤ አዳራሹ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ለሌላው ወንበር ይይዛል። ይህ የሆነው የትኛው ክፍል እንደነበሩ ስለማንጠይቅ፣ ማዕረግ ስለማንጠራ፣ ስለ ፖለቲካ ስለማናነሣ ነው። በየካቲት 26 የካራማራ መታሰቢያ ላይ ግን የጽሕፈት ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ባልደረቦች ካሜራ ይዘው፣ ሳይነግሩን፣ በማቀዝቀዣው ሰዓት ገብተው «የነበሩበትን ውጊያ ይንገሩን» ብለዋል። አንዲት እናት ተናገሩ። ማንም የጀመሩትን እንዲጨርሱ፣ ከጨረሱም በኋላ እንዲረጋጉ አልረዳቸውም፤ ካሜራው ተሰብስቦ ሄደ። ለሦስት ሳምንት አልመጡም። ስለደረሰባቸው ነገር መናገር ሕክምና የሚሆነው ባለሙያ ባለበት፣ በራሳቸው ፈቃድ፣ በራሳቸው ጊዜ ሲሆን ነው።

ከእንቅስቃሴው በኋላ ስለሚኖረው ግማሽ ሰዓት አንድ ነገር እንጨምር። ማዕከሉ «አዳራሽ ለሻይ አይሰጥም» ብሎ ቀድሞም ያስቸግረን ነበር። ያቺ ግማሽ ሰዓት ግን የፕሮግራሙ አካል ናት። ሳምንቱን ሙሉ ከማንም ጋር የማይነጋገር ሰው እዚያ ይነጋገራል። የቀረ ሰው ካለ የሚታወቀውና «ማን ይሂድበት?» የሚባለው እዚያ ነው። ለእንቅልፍ አረቄ እንደጀመረ የሚናገረውም እዚያ ነው፤ አረቄ ያስተኛል እንጂ አያሳድርም፣ ይህን ከነርስ ሳይሆን ከጓደኛው ሲሰማው ይቀበለዋል። ቡናውን ከ6 ሰዓት በፊት ጠጥተው እንዲጨርሱ እንመክራለን እንጂ አንከለክልም።

ወጪን በተመለከተ የተሰጠን ምላሽ አላሳመነንም። የሚያስፈልገው ጎማ የሌላቸው 16 ወንበሮች፣ ሁለት የደም ግፊት መለኪያዎች (አንዱ ለወፍራም ክንድ የሚሆን)፣ አንድ የስኳር መለኪያ ከነወረቀቱ፣ አሸዋና ባዶ ጠርሙስ ነው። ወንበሮቹ ማዕከሉ ውስጥ አሉ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ወጣቶቹ ትምህርት ቤትና ሥራ ላይ ስለሚሆኑ በሥራ ቀን አዳራሹ ባዶ ነው፤ ቅዳሜን ከጠረጴዛ ቴኒስ ቡድኑ ጋር ተነጋግረን ተካፍለናል። ከማስ ስፖርት ጋር ሲቀላቀሉ የተሳታፊ ቁጥር ይጨምራል መባሉን ሰምተናል። የሪፖርቱ ቁጥር ጨምሮ ይሆናል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ውስጡ የሉበትም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። አዳራሹ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ የሻዩን ግማሽ ሰዓት ጨምሮ፣ ቢያንስ እስከ ሰኔ 30 ድረስ ሳይለወጥ እንዲሰጠን በጽሑፍ ይረጋገጥልን። መለወጥ ግድ ከሆነ ከሁለት ሳምንት በፊት ይነገረን፤ ለእነዚህ ሰዎች ድንገተኛ ለውጥ ራሱ ሕመም ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከ16 ሰው አይብለጥ፣ ለ8 ሰው አንድ አሠልጣኝ ይመደብ፣ ሁለቱ አሠልጣኞች በየወሩ አይቀያየሩ። ለሜዳው አሠልጣኞች የአንድ ቀን ሥልጠና በነፃ ለመስጠት ዝግጁ ነን፤ ቀኑን ይወስኑልን። ሜዳው ላይ የመጡ አንጋፋ ወታደሮችም አሉና እስከዚያው ቢያንስ ፊሽካውና ፊኛው ይቅሩ፣ ከድምፅ ማጉያው ርቆ፣ ከጀርባው ግድግዳ ያለው ቦታ ይከለልላቸው። የምዝገባ ፎርሙ ስም፣ የተጠሪ ስልክና የሚወስዱትን መድኃኒት ብቻ ይያዝ፤ እሱም ነርሱ ዘንድ ይቆለፍበት፤ እስካሁን የተሞላው ይመለስልን። ያለ አባላቱ የጽሑፍ ፈቃድ ካሜራ አይግባ። ጤና ጽሕፈት ቤቱን ደግሞ የምንልካቸውን ሰዎች የሚቀበል አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ በጤና ጣቢያው እንዲመድብልን እንጠይቃለን። ወረፋ ላይ ሦስት ሰዓት ቆሞ መጠበቅ ስለማይችሉ ቀጠሮ በሰዓት ይሰጣቸው።

በ15 ቀን ውስጥ ሊያገኙን ፈቃድዎ ከሆነ አራት ሆነን እንመጣለን፤ ከአራቱ ሁለቱ ከአባላቱ የተመረጡ ይሆናሉ። ውሳኔዎን እባክዎ በማዕከሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በትልልቅ ፊደል ያስለጥፉልን። ከአባላቱ ብዙዎቹ ከማያውቁት ቁጥር ሲደወል ስልክ አያነሡም። በሰሌዳው በኩል ግን አሁንም ማክሰኞ ማክሰኞ በ4 ሰዓት እያለፉ በሩ ተከፍቶ እንደሆነ ያያሉ።

ከሰላምታ ጋር፣

የአንጋፋ ወታደሮቹን የአካል ብቃት ፕሮግራም የምንሠራ
የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች፣ የአእምሮ ጤና ነርሶችና አሠልጣኞች